ዋላስ ሴባይን፤ የመማሪያ ክፍልን ድምፅ በቁጥር የለኩ መምህር

ትምህርት በመጀመሪያ የሚገባው በጆሮ ነው። በጎንደር ከተማና በአካባቢው ደጋ ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የአብነት ተማሪ በቀን መጽሐፍ ዘርግቶ ንባቡን ያጠናል፤ ማታ ግን መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ በጆሮው እየተቀበለ ይይዛል። ዜማውም ሆነ አቋቋሙ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የተሻገረው ይበልጡን በዚሁ መንገድ ነው። ተማሪው የሚላላውን ቢያጠብቅ ወይም የሚጠብቀውን ቢያላላ መምህሩ ወዲያው ሰምተው ያርሙታል። ይህ ሁሉ ሊሆን የሚችለው ግን መምህርና ተማሪ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተቀራርበው ሲቀመጡና የአንዱ ድምፅ ለሌላው ጥርት ብሎ ሲደርስ ነው።

ዛሬ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ በኩል አብዛኛው ልጅ የሚማረው ግድግዳው በጭቃ ወይም በብሎኬት ተሠርቶ በተለሰነ፣ ጣሪያው በቆርቆሮ በተከደነ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያስተምራሉ፤ በኋለኛው መደዳ የተቀመጠው ልጅም ድምፁን ይሰማል። ይሁን እንጂ ድምፅን መስማትና ቃልን መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ ቃሉን ሳይለየው ቢቀር፣ ያመለጠው ነገር መኖሩን ራሱም ላያውቅ ይችላል። ወላጆቹና መምህራኑ ሰነፍ ነው፣ ወይም ልቡ ከትምህርቱ የለም ይሉታል። ጥፋቱ የግድግዳውና የጣሪያው ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥርጣሬ ወደ ዕውቀት፣ ዕውቀቱንም ወደ ቁጥር የለወጡት ሰው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ክሌመንት ሴባይን ናቸው። ስማቸው በሕንፃ ድምፅ ጥናት ዘንድ በአባትነት ይጠራል። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች ጋር ነው፤ ሥራቸው የተጀመረው ግን ተማሪዎች የመምህራቸውን ንግግር ሊረዱ ባልቻሉበት በአንድ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመሆኑም ታሪካቸው ለሙዚቀኛ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት ለሚሠራ መሐንዲስም የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

ልደትና ትምህርት

ዋላስ ሴባይን በሰኔ 13 ቀን 1868 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በትምህርት ላይ የነበራቸው ትጋት ከልጅነታቸው ጀምሮ የታየ ነበር፤ በኦሃዮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1886 ሲመረቁ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበሩ። ከዚያም ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው በ1888 የማስተርስ ማዕረግ ተቀበሉ፤ በዚያው በፊዚክስ ክፍል ማስተማር ጀመሩ። የዶክትሬት ማዕረግ ግን አልያዙም፤ ለማዕረጉም ሲቸኩሉ አልታዩም።

በዘመኑ በነበሩት የሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ሴባይን የሚታወቁት እንደ ታላቅ ተመራማሪ ሳይሆን እንደ ጥሩ መምህር ነበር። ጊዜያቸውን ለተማሪዎቻቸው ይሰጡ ነበር፤ የጻፉትም ጥቂት ነው። አንድን ነገር ደጋግመው ፈትነው እርግጠኛ ሳይሆኑ ወደ ማተሚያ ቤት መላክ አይወዱም ነበር። ይህ ጠባያቸው በኋላ ለሠሩት ሥራ መሠረት ሆኗል።

የማይሰማው አዳራሽ

በ1895 ሃርቫርድ የፎግ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክርን ሕንፃ ከፈተ። የሕንፃው ነዳፊ ሪቻርድ ሞሪስ ሃንት በአገሩ ስሙ የገነነ አርክቴክት ነበር። ሕንፃው ለዓይን ያማረ ሆነ፤ የመማሪያ አዳራሹ ግን ሊያስተምሩበት የማይቻል ሆኖ ተገኘ። መምህሩ ሲናገሩ ድምፃቸው በየግድግዳው እየተመላለሰ ስለሚቆይ ያለፈው ቃል ሳይጠፋ የሚቀጥለው ይደርስበታል። በባዶው አዳራሽ ውስጥ አንድ ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ ከ5 ሴኮንድ ተኩል በላይ ሲያስተጋባ ይሰማ ነበር። ይህ ጊዜ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የሚበቃ ነው። ስለዚህ ተማሪው በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ቃል ሳይሆን እርስ በርሱ የተደራረበ የቃላት ክምር ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት መፍትሔ እንዲፈልጉ ያዘዙት ወጣቱን ሴባይንን ነበር። በፊዚክስ ክፍሉ ውስጥ በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጧቸው ስለ ነበሩ ሥራው የተፈለገ ሥራ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። በዚያን ዘመን የአዳራሽ ድምፅ መበላሸትና መስተካከል የዕድል ነገር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። አንዳንዱ ነዳፊ የአዳራሹ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ የተወሰነ ንጽጽር ቢኖረው ድምፁ ይሠምራል ይል ነበር፤ ሌላው በጣሪያው ሥር ሽቦ ቢወጠር ማስተጋባቱ ይቀንሳል ብሎ ያምን ነበር። ሽቦው በብዙ አዳራሾች ተወጥሯል፤ ያመጣው ለውጥ ግን አልነበረም።

ሴባይን ሥራቸውን የጀመሩት ከአንድ ቀላል ንጽጽር ነው። በዚያው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሳንደርስ የሚባል ድምፁ የተመሰገነ አዳራሽ ነበር። ስለዚህ ጥያቄያቸው በመጥፎው ውስጥ የጎደለው በጥሩው ውስጥ ያለው ምንድን ነው የሚል ሆነ። ሳንደርስ በብዛት ከእንጨት የተሠራ ከመሆኑም በላይ መቀመጫዎቹ ትራስ ነበራቸው፤ ፎግ ግን የተለሰነ ደረቅ ግድግዳ እንጂ ለስላሳ ነገር አልነበረበትም።

ሌሊትና ትራስ

የሴባይን መሣሪያዎች እጅግ ቀላል ነበሩ፤ በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሚሰጥ አንድ የኦርጋን ቱቦ፣ ቱቦውን የሚነፋ የታመቀ አየር፣ ጊዜ የሚለካ መሣሪያና የራሳቸው ጆሮ። ቱቦው ይነፋል፤ ከዚያ በድንገት ይቋረጣል፤ ድምፁ ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ ጆሮ ሊሰማው እስከማይችል ድረስ ያለው ጊዜ ይለካል። ይህ ጊዜ የማስተጋቢያ ጊዜ ተባለ።

ይህን የመሰለ ልኬት ፍጹም ጸጥታ ይፈልጋል። ቀን የሰዎች ኮቴና የመንገድ ጫጫታ ስለማያስችል ሴባይንና ረዳቶቻቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የመንገድ ባቡሩ ሥራውን ካቆመ ወዲያ፣ እስከ ንጋት ይሠሩ ነበር። የጎንደሩ የአብነት መምህር የተማሪያቸውን ስሕተት በጨለማ በጆሮ እንደሚለዩት ሁሉ እኚህም መምህር ሳይንስ ያልደፈረውን ነገር በሌሊት በጆሮ ለኩ።

ከሳንደርስ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶችን እየተሸከሙ ወደ ፎግ ያመጡ ነበር። ጥቂት ትራስ ያስቀምጣሉ፤ ይለካሉ፤ ይጨምራሉ፤ እንደ ገና ይለካሉ። ለሚቀጥለው ቀን ትምህርት ሳንደርስ ባዶውን እንዳይገኝ ትራሶቹ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። መቀመጫው ሁሉ በትራስ ከተሸፈነ በኋላ መተላለፊያውና መድረኩም ተሸፈነ፤ በመጨረሻም የማስተጋቢያው ጊዜ ወደ 1 ሴኮንድ ገደማ ወረደ። ከዚያ ምንጣፍ፣ ከፀጉር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ፣ በመጨረሻም ሰው ራሱ እየተቀመጠ ተፈተነ።

የተገኘው ውጤት ግልጽ ነበር። ድምፅ ጠንካራና ለስላሳ በሆነ ገጽ ላይ ሲያርፍ ይነጥራል፤ ቀዳዳ በበዛበት ጨርቅ፣ ሱፍ ወይም ሣር ላይ ሲያርፍ ግን በየቀዳዳው ገብቶ ይዋጣል። ሴባይን ለዚህ የመዋጥ ኃይል መለኪያ ፈለጉ። ትራስ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ የዓለም መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የተከፈተ መስኮትን መረጡ፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይገባምና አንድ ካሬ ሜትር የተከፈተ መስኮት ያረፈበትን ድምፅ ሁሉ እንደሚውጥ ይቆጠራል። ሌላው ዕቃ ሁሉ ከዚህ ጋር እየተነጻጸረ ዋጋ ተሰጠው። ይህ ምርጫ በየትኛውም አገር ያለ መሐንዲስ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊረዳው የሚችል መለኪያ አስገኘ።

ከእነዚህ ሌሊቶች ውስጥ የሴባይንን ጠባይ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ልኬቶቻቸው በጥቂቱ እየተለዋወጡ አስቸገሯቸው። ምክንያቱን ሲመረምሩ የደረሱበት ነገር የለበሱት ልብስ ነበር፤ ወፍራም ልብስ በለበሱበት ሌሊት የሚገኘው ጊዜ ስስ ልብስ በለበሱበት ከሚገኘው ያንስ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን በቸልታ ሊያልፈው ይችል ነበር። ሴባይን ግን በሺህ የሚቆጠሩትን የብዙ ሳምንታት ልኬቶች ጥለው ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ከዚያም ወዲያ ለልኬት ሲገቡ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሱ ነበር።

ይህ ለጎንደር ደጋ መሐንዲስ ተራ ወሬ አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ስትሆን በዚያ አካባቢ ብዙ ልጆች ጋቢ ወይም ኩታ ተከናንበው ይማራሉ። የቀድሞው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ደበሎ ለብሶ በሣር ክዳን ሥር ይቀመጥ ነበር። ሣሩ፣ የበግ ቆዳው ፀጉርና ጋቢው ሁሉ ድምፅን የሚውጡ ናቸው። ስለዚህ ያቺ ጠባብ ጎጆ ማንም ሳያስበው ለቃል ትምህርት የተመቸች ነበረች።

ቀመሩ

ሦስት ዓመት ከሠሩ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ለፎግ አዳራሽ የሚሆን መፍትሔ እንዲሰጡ ገፋፏቸው። በ1898 ከፀጉር የተሠራው ወፍራም ጨርቅ በግድግዳዎቹ ላይ ተለጠፈና አዳራሹ ሊያስተምሩበት የሚቻል ሆነ። ፍጹም አልነበረም፤ ቢሆንም ትምህርት ሊሰጥበት ቻለ።

በዚያው ዓመት ሄንሪ ሂጊንሰን የተባሉት የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሥራች አዲስ አዳራሽ ለማሠራት ተነሥተው ነበር፤ የሴባይንም ምክር ተጠየቀ። ሴባይን ግን በእጃቸው ያለው የቁጥር ክምር እንጂ ገና ወደፊት የሚሠራን አዳራሽ አስቀድሞ የሚናገር ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ወዲያው እሺ አላሉም፤ ወደ ማስታወሻዎቻቸው ተመልሰው እንደ ገና ይመረምሩ ጀመር። በጥቅምት 29 ቀን 1898 ማታ ቁጥሮቹን በሥዕል ነጥብ በነጥብ ሲያስቀምጡ መስመሩ ሃይፐርቦላ የሚባለው የሒሳብ ቅርጽ ሆኖ ታያቸው። ግኝታቸውን በመጀመሪያ የሰሙት አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት እናታቸው ናቸው።

የሕጉ ትርጉም በቀላሉ እንዲህ ነው። የአንድ ክፍል የማስተጋቢያ ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር አብሮ ያድጋል፤ በክፍሉ ውስጥ ካለው ድምፅ የመዋጥ ኃይል ጋር ግን በተቃራኒው ይሄዳል። በሜትር ሥርዓት ሲሰላ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ በካሬ ሜትር ለተገለጸው ጠቅላላ የመዋጥ ኃይል ይካፈላል፤ ድርሻው የማስተጋቢያ ጊዜው በሴኮንድ ነው። የመዋጥ ኃይሉ የሚገኘው የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት በራሱ የመዋጥ ዋጋ እየተባዛ ሲደመር ሲሆን የሰሚዎቹም ድርሻ በሰው ቁጥር ይጨመርበታል።

ሴባይን ይህን ይዘው የቦስተኑን አዳራሽ ንድፍ መረመሩ። በላይፕሲሽ ከተማ የነበረው የተደነቀ አዳራሽ በቀጥታ ቢሰፋ የማስተጋቢያ ጊዜው ከሚፈለገው በላይ እንደሚሆን አስረዱ፤ ከአርክቴክቱ ከቻርልስ ማክኪም ጋርም እየተመካከሩ የአዳራሹን መጠን አስተካከሉ። አዳራሹ በጥቅምት 15 ቀን 1900 ተከፈተ። ድምፁ ገና ከመሠረቱ በሳይንሳዊ ስሌት የተወሰነ የመጀመሪያው አዳራሽ ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነቃፊ አላጣም ነበር፤ በኋላ ግን በዓለም ካሉት እጅግ ጥሩ የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ ለመሆኑ ባለሙያዎች ተስማምተዋል። በዚያው በ1900 ሴባይን ጄን ኬሊ የተባሉ ሐኪም አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ከፍ ያለና ዝቅ ያለ ድምፅ

ሴባይን በዚህ ሊያርፉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የለኩት በአንድ የድምፅ ከፍታ ብቻ መሆኑን አልዘነጉም። በሚቀጥሉት ዓመታት ልኬታቸውን በሴኮንድ ከ64 እስከ 4,096 ጊዜ እስከሚርገበገቡ ድምፆች ድረስ አሰፉት። አንድ ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ የሚውጥበትና ቀጭኑን የሚውጥበት መጠን እኩል አለመሆኑን በ1906 አስታወቁ።

ይህ ለንግግር ትልቅ ትርጉም አለው። በንግግር ውስጥ ጉልበት የሚበዛው በአናባቢው ድምፅ ላይ ነው፤ ቃሉን ከቃል የሚለየው ግን ይበልጡን ደካማውና ቀጭኑ የተነባቢው ድምፅ ነው። በአማርኛ ቀመረ እና ከመረ፣ ቀሰሰ እና ከሰሰ የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ተነባቢ ብቻ ነው። ከዚህም የሚረቅ አለ። ይበላል የሚለው ቃል በ ሲላላ የሚበላውን ሰው፣ ሲጠብቅ ደግሞ የሚበላውን ምግብ ያመለክታል። በዚህ ቃል ውስጥ መጥበቅና መላላቱን የሚለየው በአብዛኛው ከንፈር ተገጥሞ የሚቆይበት ቅጽበት ነው። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ያ የጸጥታ ቅጽበት ባለፈው ፊደል ቅሪት ይሞላል። ስለዚህ ልጁ ቃሉን ሰምቶ በዪውን ከሚበላው ሳይለይ ሊቀር ይችላል።

አዋቂ ሰው እንዲህ ያለ ጉድለት ሲያጋጥመው ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነሥቶ ይሞላዋል። ልጅ ግን ገና ቋንቋውን እየተማረ ያለ ነው፤ ቃሉ አዲስ ከሆነበት የሚሞላበት ነገር የለውም። ከሴባይን በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት በጫጫታና በማስተጋባት ውስጥ ንግግርን የመለየት ችሎታ ከአዋቂ እኩል የሚሆነው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው ቢያንስ በ15 ዴሲቤል ቢበልጥ ለልጆች መልካም መሆኑም ተወስኗል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ተማሪ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጥራት ያስፈልገዋል፤ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ነገሩ በጎንደርም ሆነ በሌላው ቦታ ቸል የሚባል አይደለም።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1906 ሴባይን የሃርቫርድ የላውረንስ ሳይንስ ትምህርት ቤት ዲን ሆነው ተሾሙ። አስተዳደሩ ጊዜያቸውን ቢሻማም ምርምራቸውን አልተዉም። ራፋኤል ጓስታቪኖ ከተባለው የግንባታ ባለሙያ ጋር ሆነው ድምፅ የሚውጥ የሸክላ ንጣፍ ሠሩ፤ ለዚሁም በ1914 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። የዚህ ሥራ ዋና ነገር ሕንፃው ከተሠራ በኋላ ጨርቅ ከመለጠፍ ይልቅ የሚውጠውን ገጽ ራሱን የሕንፃው ክፍል ማድረግ ነበር።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ በ1917 በፓሪስ በሶርቦን ስለ ሕንፃ ድምፅ አስተማሩ። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ በአውሮፕላን ሥራ ጉዳይ መንግሥታቸውን በዋሽንግተን እያገለገሉ፣ ወደ ሃርቫርድም እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር። ጤናቸው ታውኮ ሳለ ዕረፍት አልወሰዱም። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ወር ሳይሞላ በጥር 10 ቀን 1919 በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። በኢሊኖይ ግዛት ለእርሳቸው ምርምር ተብሎ የተሠራው የሪቨርባንክ ቤተ ሙከራ ሲጠናቀቅ ሊሠሩበት አልታደሉም፤ ሥራውን የቀጠሉት ፖል ሴባይን የተባሉት የሩቅ ዘመዳቸው ናቸው። ጽሑፎቻቸው ተሰብስበው በ1922 ታተሙ፤ የመዋጥ ኃይል መለኪያውም በስማቸው ሴቢን ተብሎ ተጠራ። የምርምሩ ሁሉ መነሻ የነበረው የፎግ ሕንፃ ግን በ1973 ፈርሷል።

ቀመሩ በደጋው ክፍል

ሴባይን የተዉት ቀመር በየትኛውም አገር ክፍል ላይ ይሠራል። ለምሳሌ ያህል በጎንደር ደጋ የተለመደ ዓይነት ክፍል ይወሰድ፤ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር፣ አማካይ ከፍታው 3.5 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 196 ሜትር ኩብ ይሆናል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቢሆን ጠቅላላ የመዋጥ ኃይሉ ከ8 ካሬ ሜትር ብዙ አያልፍም። በቀመሩ ሲሰላ የባዶው ክፍል የማስተጋቢያ ጊዜ ወደ 4 ሴኮንድ ይጠጋል፤ ከፎግ አዳራሽ ብዙም የሚርቅ አይደለም። 50 ልጆች ሲገቡና እያንዳንዳቸው 0.4 ካሬ ሜትር ያህል ይውጣሉ ተብሎ ሲገመት ጊዜው ከ1 ሴኮንድ ጥቂት ወደሚያልፍ ቁጥር ይወርዳል። እያንዳንዳቸው 1 ካሬ ሜትር የሆኑ አራት መስኮቶች ቢከፈቱ ደግሞ ወደ 1 ሴኮንድ ይደርሳል። ነገር ግን በደባርቅ ብርድ መስኮት ከፍቶ መማር ቀላል አይደለም፤ የመንገዱም ጫጫታ በዚያው ይገባል።

በ2002 በአሜሪካ የወጣው የመማሪያ ክፍል ድምፅ ደረጃ ለዚህን ያህል ክፍል የሚፈቅደው የማስተጋቢያ ጊዜ 0.6 ሴኮንድ ነው፤ ይህም ክፍሉ ተማሪ ሳይኖርበት የሚለካ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በአገር ውስጥ ያለ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ቤቶች የታወቀው የአቡጀዴ ኮርኒስ ከላዩ በቂ የአየር ክፍተት ሲተውለት ድምፅን በመጠኑ ይውጣል፤ በላዩ ሣር ወይም ጭድ ቢደረብበት ኃይሉ ይጨምራል። የኮርኒሱ የመዋጥ ዋጋ 0.4 ቢሆንና ከፍታው ወደ 3 ሜትር ቢወርድ፣ ልጆቹ በተቀመጡበት ክፍል የማስተጋቢያ ጊዜው ወደ 0.6 ሴኮንድ ይወርዳል። ባዶውን ክፍል ከዚያ ለማድረስ በኋለኛው ግድግዳ ላይም የሚውጥ ገጽ መጨመር ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ አቡጀዴው ለውበት ተብሎ በኖራ ወይም በቀለም ቢቀባ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና ጥቅሙ ይቀራል። ከጣሪያውም ሥር ሣርና ጭድ ሲደረብ የእሳት አደጋና የተባይ ነገር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ቀመሩ ብቻውን የማይፈታው ችግር ዝናብ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ትምህርት ቤት ቢዘጋም የሰኔና የመስከረም ዝናብ የሚያገኘው ልጆቹን በክፍል ውስጥ ነው። ዶፍ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው በታች ይሆናል፤ ትምህርቱን አቋርጦ እስኪያባራ መጠበቅም የተለመደ ነው። የሣር ክዳን ይህን ጫጫታ አያውቅም ነበር። ቆርቆሮው ከሣር ይልቅ ዘመንን የሚሻገርና ከእሳት የሚከላከል በመሆኑ ወደ ኋላ መመለስ አይታሰብም፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ ክብደት ያለው ኮርኒስ ቢገባና በሁለቱ መካከል ለስላሳ ነገር ቢነጠፍ ጫጫታው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ኮርኒሱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የውስጡን ማስተጋባት ይውጣል፤ የውጪውንም ዝናብ ያበርዳል።

በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚሰረዘው ኮርኒስ ነው፤ ሕንፃው ያለ እርሱም ይቆማልና። መሠረቱና ማገሩ ቢጎድል ግን ማንም ዝም አይልም፤ ስንጥቁ ለሁሉ ይታያል። የድምፅ ጉድለት አይታይም። ዋጋውን የሚከፍለው በኋለኛው መደዳ የተቀመጠው ልጅ ሲሆን ሒሳቡ የሚመዘገበው በሕንፃው ላይ ሳይሆን በልጁ የፈተና ወረቀት ላይ ነው።

ሴባይን ፎግ አዳራሽ ሲገቡ የጠየቁት የተማሪዎቹን ትጋት ሳይሆን የአዳራሹን ግድግዳ ነበር። ሦስት ዓመት የፈጀው የሌሊት ድካማቸው ለተከታዮቻቸው የማባዛትና የማካፈል ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አንድ መሐንዲስ የክፍሉን ስፋትና ከፍታ፣ የወለሉንና የጣሪያውን ዓይነት፣ የልጆቹንም ቁጥር ካወቀ፣ በንድፉ ጠርዝ ላይ በጥቂት ደቂቃ ሊያሰላው ይችላል። ግድግዳው ከመቆሙ በፊት የተሠራው ይህ ስሌት፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ መምህሩና ልጆቹ በየቀኑ የሚከፍሉትን ድካም ያስቀራል።